ሰብለ ወንጌልን ማን ጠየቃት? ስለ ጋብቻ ፈቃድ ከልብ ወለድ መጻሕፍት የምንማረው

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጥናት ስለ ምሥጢረ ተክሊል ነው። ነገር ግን እንደ ወትሮው ከሕገ ቀኖና አንቀጽ አንነሣም፤ በልብ ወለድ መጻሕፍት ውስጥ ከምናገኛቸው ጥቂት ሴቶች እንነሣለን። ምክንያታችንም ይህ ነው፦ አንድ መምህር በጉባኤ መካከል ቆሞ «ሴት ልጅ ያለ ፈቃዷ ልትዳር ይገባልን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባቶችም እናቶችም በአንድ ድምፅ «አይገባም» ይሉታል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ያው መምህር የአንዲትን ልጅ ታሪክ ቢተርክላቸው ግን አንዱ ለአባቷ፣ ሌላው ለእናቷ፣ ሦስተኛው ለልጅቱ ይወግናል። ቀድሞ «አይገባም» ያለው አባትም የገዛ ቤቱን በታሪኩ ውስጥ ያያል። ትምህርቱ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ልብ ወለድ ለመንፈሳዊ ትምህርት አይበጅም የሚሉ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ከፍ ብለን ስንሄድ እንመለስበታለን።

ከዓባይ ማዶ የመጣ ታሪክ

ከወገዳ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ ሰው ዓባይን ያገኛል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚተርከው ስለዚያ ማዶ አገር፣ ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ ጊዮርጊስ ሰዎች ነው። የሽማግሌው አላላክ፣ የዘር ቆጠራው፣ የቆሎ ተማሪው ኑሮ ግን ለጋይንትም፣ ለስማዳም፣ ለእስቴም እንግዳ አይደለም። ፊደል ያልቆጠረው ወገናችን እንኳ ታሪኩን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምቶታል። ስለዚህ መምህሩ ትረካውን ሲጀምር መጨረሻውን ቀድሞ የሚያውቅ አድማጭ አያጣም።

ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ፊታውራሪ ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል ሲፈልጉ ጠያቂው ሁሉ የዘሩ ነገር እየተነቀሰ ይመለሳል። እኩዮቿ ትዳር ይዘው ልጅ ሲያሳድጉ እርሷ በአባቷ ቤት ትቀራለች። መንደር ለእንዲህ ያለችው ልጅ የሚያወጣውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቆሞ ቀር ይላታል። እዚህ ላይ መምህሩ ቆም ቢል ደግ ነው። እንቢ ባዩ አባት ሆነው ሳለ ስሙ የወጣው ግን በልጅቱ ላይ ነው! ጥያቄው የመጣው ለአባቷ፣ መልሱም የተመለሰው ከአባቷ ነው። ነቀፌታው ብቻ ለእርሷ ተረፈ።

በኋላ በዛብህ ሊያስተምራት ወደ ቤቱ ይገባል። በዛብህ ቅኔ የተማረ የድኻ ልጅ ነው። ፍቅራቸው በድብቅ ያድጋል፤ እንደ ተገለጠም እርሱ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ እርሷም ማንነቷን በልብስ ሸሽጋ እርሱን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ትወጣለች። ስታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነበረ። እርሱ ይሞታል፤ እርሷ ትመነኩሳለች።

ብዙ አንባቢ ይህን ታሪክ የሚያስታውሰው በመጨረሻው ኀዘን ነው። እኛ ግን መምህራን ወደ መጀመሪያው እንዲመለሱ እንለምናለን። የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ልጁ በሕፃንነቱ በሕመም ቢሠቃይባቸው፣ ከተረፈላቸው ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ልጁ ተረፈ፤ ስለቱም እንደ ጥላ አብሮት አደገ። ሰብለን በወደደ ጊዜ በመካከላቸው የቆመው የፊታውራሪ መሸሻ ዘር ብቻ አልነበረም፤ እርሱ ያልገባው፣ ወላጆቹ የገቡለት ቃልም ነበረ።

እንግዲህ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን እናድርግ። ሕፃንን ማጨትና ሕፃንን መሳል በመልካቸው የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ወደ ሠርግ ቤት፣ ሌላው ወደ ገዳም ያመራል። አንዱን ዓለማዊ፣ ሌላውን መንፈሳዊ እንላቸዋለን። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ገና አፉን ያልፈታን ሰው ሕይወት በሌላ ሰው ቃል ያስራሉ። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ጥልቅ ነገር እዚህ ላይ ነው። ልጅቱን ዘር አሰራት፣ ልጁን ስለት አሰረው፤ ሁለቱም ለገዛ ሕይወታቸው እንግዳ ሆኑ።

በአካባቢያችን ሕፃናትን ማጫጨትና ልጅቱን ወደ አማቾቿ ቤት ወስዶ እዚያው ማሳደግ ረጅም ዘመን የኖረ ልማድ ነው። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። ጠለፋን ይፈራሉ፤ ሐሜትን ይፈራሉ፤ ሳይሞቱ የልጅ ልጅ ሊያዩ ይመኛሉ፤ መሬታቸው ከመልካም ጎረቤት ጋር እንዲጋጠም ይሻሉ። የበዛብህ ወላጆችም የተሳሉት ከፍቅር የተነሣ ነው። መምህሩ ይህን ሳይቀበል ቢያስተምር ወላጆችን ይከስሳል እንጂ አያስተምርም።

አንድ ብልኅ አድማጭ ተነሥቶ «ሐናስ ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር አልሰጠችምን?» ቢል መልሱ እንዲህ ነው። አዎን፣ ሰጠችው፤ ወደ ቤተ መቅደስም አመጣችው። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ በ3ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ልጁን በሌሊት በስሙ ይጠራዋል፤ የሚመልሰውም ሳሙኤል ራሱ ነው እንጂ እናቱ አይደለችም። በ8ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሳሙኤል ልጆች እንደ ነበሩት እናነባለን፤ የእናቱ ስጦታ ትዳርን አልከለከለውም። ቤተ ክርስቲያንም በሕጓ ስለት በባሕርዩ የሚያስረው የተሳለውን ሰው ብቻ ነው ትላለች። ወላጅ ለልጁ ሊጸልይ፣ ሊያስጠምቅ፣ በምግባር ሊያሳድግ ይችላል። ስለ ልጁ ድንግልና ሊሳል ግን አይችልም።

የሉቺያ ስለትና የጌርትሩድ ቆብ

ይህ ጉዳይ የኛ አገር ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው ካቶሊካዊ ደራሲ አሌሳንድሮ ማንዞኒ እ.ኤ.አ. በ1827 ዓ.ም. ያሳተሙት «እጮኛሞቹ» የተባለ ታላቅ ልብ ወለድ አለ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ17ኛው ምዕተ ዓመት በሚላኖ አካባቢ ነው። ሉቺያና ሬንዞ የገጠር ልጆች ናቸው፤ በፈቃዳቸው ተጫጭተው ሊጋቡ ተዘጋጅተዋል። ዶን ሮድሪጎ የተባለ ባላባት ግን በሉቺያ ላይ ዓይኑን ጥሏልና ቄሱ እንዳያጋባቸው ያስፈራራዋል። ቄሱ ፈሪ ነው፤ በሰበብ በአስባቡ ሠርጉን ያዘገያል። (ማንዞኒ የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን ፈሪ ካህን ሳይሸሽጉ መጻፋቸውን እናደንቃለን።) በመጨረሻም ሉቺያ ትጠለፋለች። ጠለፋ የሚለውን ቃል ለወገዳ ሰው መተርጐም አያሻንም።

በተዘጋባት ግንብ ውስጥ፣ በሌሊት፣ በፍርሃት ተውጣ፣ ሉቺያ ለእመቤታችን ትሳላለች፤ ከዚህ መከራ ብወጣ በድንግልና እኖራለሁ ትላለች። ከመከራው ትወጣለች፤ ግን ስለቱ ከሬንዞ ይለያታል። እንግዲህ ይህ እንደ በዛብህ ያለ አይደለም፤ የተሳለችው ራሷ ናት። ይሁን እንጂ ካፑቺኑ መነኩሴ አባ ክሪስቶፎሮ ወረርሽኝ በገባበት በሚላኖ የሕሙማን ሰፈር ውስጥ ሁለቱን ሲያገኛቸው ነገሩን በጥሞና ይመረምረዋል። ሉቺያ ስለቱን ስትሳል ቀደም ብላ ለሬንዞ ቃል ሰጥታ ነበር፤ የሌላ ሰው የሆነውን ነገር ለእግዚአብሔር ልትሰጥ አትችልም። በቤተ ክርስቲያን ሥልጣንም ከስለቱ ይፈታታል። ይጋባሉም።

ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በዛብህ በሚኖርበት ዓለም ውስጥ የወላጆቹን ስለት ወስዶ የሚያማክረው፣ ስለቱም እንደማያስረው የሚነግረው አንድ አባ ክሪስቶፎሮ አልነበረውም። ሸክሙን ብቻውን ተሸከመው። ይህን የምንጽፈው አንዱን ቤተ ክርስቲያን ከሌላው ለማበላለጥ አይደለም፤ በየቁምስናው ያለን መምህር እንዲህ ያለውን ጭንቅ የሚሰማ ጆሮ እንዲኖረው ነው።

በማንዞኒ መጽሐፍ ውስጥ ከሉቺያ ይልቅ የምታሳዝነን ጌርትሩድ ናት። የመኰንን ልጅ ናት፤ የአባቷ ርስት ለበኵር ልጁ ሳይከፋፈል እንዲያልፍ ስለ ተፈለገ ሳትወለድ ጀምሮ ለገዳም ተወስናለች። ሕፃን ሳለች የሚሰጧት አሻንጉሊቶች እንኳ የመነኵሲት ልብስ የለበሱ ናቸው። ማንም በግልጥ «መንኵሺ» አላላትም፤ ሁሉም ግን መመንኰሷን እንዳለቀ ነገር አድርጎ ያወራላታል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሠረት አንድ ካህን ፈቃዷን ሊመረምር ይመጣል፤ በነፃነት መምጣቷን ይጠይቃታል። እርሷም አባቷን ፈርታ «በፈቃዴ ነው» ብላ ትዋሻለች። ከዚያ በኋላ ሕይወቷ ይበላሻል፤ ኃጢአቷም ሌሎችን ይጐዳል። ሉቺያን ለጠላፊዎቹ አሳልፋ የሰጠቻት እርሷ ናት።

ካህኑ የጠየቃት ቤተ ክርስቲያን ስላዘዘችው ነው። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ዓ.ም. አንዲት ልጅ ከመመንኰሷ በፊት ኤጲስ ቆጶሱ ወይም የርሱ ወኪል ፈቃዷን እንዲመረምር ደንግጓል፤ ሴትን አስገድዶ ወደ ገዳም የሚያስገባውንም አውግዟል። ሕጉ መልካም ነበረ። ጥያቄውም ተጠይቋል። መልሱ ግን ሐሰት ነበረ፤ ምክንያቱም ጥያቄው የመጣው መልሱ በቤተሰቡ ከተወሰነ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ነጥብ መምህራን በልባቸው ይያዙልን፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

የሰብለ ወንጌልን ምንኵስናም በዚሁ መስፈሪያ ልናየው እንችላለን። ደራሲው በክብር ነው የጻፉት፤ እኛም ምንኵስናን እናከብራለን። ቢሆንም መምህሩ ወጣቶችን እንዲህ ብሎ ቢጠይቃቸው ይጠቅማል፦ ሰብለ ወደ ምንኵስና የሄደችው ተጠርታ ነው ወይስ ሌላ በር ስለ ተዘጋባት? እግዚአብሔር የተሰበረ ልብ ይዞ የመጣን እንደማይመልስ እናምናለን። ነገር ግን ገዳም ለትዳር ያልበቁ ሰዎች ማረፊያ ነው የሚል ሐሳብ በልጆቻችን አእምሮ ቢቀር ለገዳሙም ለትዳሩም ውርደት ነው።

በአንቺም ሜዳ የተቋጨው ጋብቻ

«ይህ ሁሉ ልብ ወለድ ነው» የሚል አድማጭ ይኖራል። እንግዲያስ ከታሪክ እንጥቀስለት፤ ያውም ከጋይንት ሳንርቅ።

ወይዘሮ ዘውዲቱ፣ በኋላ ንግሥተ ነገሥታት፣ በ1868 ዓ.ም. ተወለዱ። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ፤ ጋብቻው የንጉሠ ነገሥቱና የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ስምምነት ማሰሪያ ነበር። ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያም በኋላ ሌሎች ጋብቻዎች አልፈው በ1892 ዓ.ም. ገደማ ከእቴጌ ጣይቱ ወንድም ልጅ ከራስ ጉግሣ ወሌ ጋር ተጋቡ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ መኳንንቱ ዘውዲቱን ለዙፋኑ መረጡ፤ ባለቤታቸው ግን ከእርሳቸው እንዲለዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣም በጌምድርን እየገዙ እንዲኖሩ ተላኩ። ንግሥቲቱ በአዲስ አበባ፣ ባላቸው በኛ አገር ሆኑ።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው በደብረ ዘቢጥ አቅራቢያ በአንቺም ሜዳ ወደቁ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ አረፉ።

የጦርነቱን ምክንያት የታሪክ ሰዎች ይተንትኑት። እኛ ልብ የምንለው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ጋብቻ ሲያጋቧቸው ሕፃን ነበሩ፤ የመጨረሻውን ሲያፈርሱባቸው የአርባ ዓመት ሴት ነበሩ። በመካከሉ ማዕረጋቸው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዘውድ የሚጫንላቸው ሰው ሆነው ነበር። በትዳራቸው ላይ ግን በሕፃንነታቸው የነበረውም፣ በንግሥትነታቸው የነበረውም ሥልጣን የሌላ ሰው ነበረ። አንዳንድ ወላጅ «ልጄ ትማርና ደመወዝ ትብላ፤ ያን ጊዜ ማንም አያዝባትም» ሲል እንሰማለን። መማሯ መልካም ነው። ሆኖም ዘውድ ያልመለሰውን ነገር ደመወዝ ብቻውን ይመልሰዋል ብለን አናምንም።

ዜና መዋዕል ቀኑን፣ ሜዳውንና የወደቀውን መስፍን ይጽፋል። የሴቲቱን ልብ የሚጽፍ ግን ልብ ወለድ ነው። መጻሕፍቱን ወደ ትምህርታችን ያስገባናቸውም ለዚሁ ነው።

ናፍቆት ፈቃድ አይደለም

አሁን ወደ አባቶች ስጋት እንመለስ። የፍቅር መጻሕፍት የወጣት ሴቶችን ልብ ያናውጣሉ፣ የሌለ ባል ያስመኛሉ ይላሉ። ይህን ስጋት በጥሩ ሁኔታ የጻፈው ራሱ አንድ ልብ ወለድ ነው። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ፍሎቤር እ.ኤ.አ. በ1857 ዓ.ም. ባሳተመው «ማዳም ቦቫሪ» ውስጥ ኤማ በገዳም ትምህርት ቤት ሳለች በስውር የፍቅር መጻሕፍትን ታነባለች። በፈቃዷ ታገባለች፤ የሚያስገድዳት አልነበረም። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ግን በመጽሐፍ እንዳነበበችው አይደለምና ትንቀዋለች፤ በዝሙትና በዕዳ ትወድቃለች፤ በመጨረሻም ራሷን ታጠፋለች። ስለዚህ ያልተጠየቀችው ሴት እንደምትጐዳ ሁሉ፣ ተጠይቃ ምን እንደምትሻ ያላወቀችውም ትጐዳለች። ናፍቆት የልብ ማዕበል ነው፤ ፈቃድ ግን አውቆና አስቦ ራስን መስጠት ነው። መምህሩ የመጀመሪያውን ሳያቃልል ሁለተኛውን ያስተምር።

የእንግሊዛዊቷ ሻርሎት ብሮንቴ ጄን ኤር (እ.ኤ.አ. 1847) ይህን ልዩነት በሚገባ ታሳየናለች። ጄን ወላጅ የሌላት፣ ድኻ፣ መልኳም የማያስደንቅ የቤት አስተማሪ ናት። የቤቱን ጌታ ትወደዋለች፤ እርሱም ይወዳታል። በሠርጋቸው ቀን ሌላ ሚስት በሕይወት እንዳለችው ይገለጣል። እርሱ አብራው እንድትኖር ይለምናታል፤ ልቧም ወደዚያው ይስባታል፤ የሚቈጣት አባትም፣ የሚያማት መንደርም የላትም። እርሷ ግን ትታው ትሄዳለች። እንቢ ማለት የቻለች ሴት «እሺ» ስትል ቃሏ ምን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ እንረዳለን።

በራሳችን ቋንቋም የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ዋና ባለታሪኩ ሴት ናት። ጦቢያ በወንድ ልብስ ተሰውራ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ትፈልጋለች። አረማዊው ንጉሥ ይወድዳታል፤ ጋብቻቸው የሚፈጸመው ግን እርሱ ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ» የተባለ መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ በርእሱ ላይ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ መሆኑን ጻፉ፤ የሙሽራውም የሙሽራይቱም ስም እኩል ተጠርቷል። ጦቢያም ሰብለም በመንገድ ላይ ለመውጣት ልብሳቸውን መለወጥ ማስፈለጉን እግረ መንገዳችንን እናስተውል፤ በአገራችን ሴት ልጅ የራሷን ፍለጋ በራሷ ስም ልትሄድ አለመቻሏን ደራሲዎቹ ሁለቱም አይተውታል።

«እንዳላችሁ» የሚለው መልስ

የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ታውጆ ለኛም የሚያገለግል ሲሆን፣ ጋብቻን የሚመሠርተው የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ መሆኑን በቀኖና 817 ያስተምራል፤ ይህንንም ፈቃድ ማንም ሰብአዊ ሥልጣን ሊተካው አይችልም። ቀኖና 825 ደግሞ በኃይል ወይም ከውጭ በመጣ ከባድ ፍርሃት የተፈጸመ ጋብቻ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ካህኑ ይባርካል፣ አክሊል ይጭናል፤ አክሊሉ የሚያርፈው ግን «እሺ» ባለ ራስ ላይ ነው።

ስለ ዕድሜ ነገሩን ባጭሩ እንናገር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይፈቅድ ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በክልላችንም የ1995ቱ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርገውታል። ሕገ ቀኖና ለሴት ያስቀመጠው ወለል 14 ነው፤ ይህን ይዞ «ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች» የሚል ሰው ቢመጣ መምህሩ አይታለል። ወለል ማለት ከእርሱ በታች ጋብቻ የለም ማለት እንጂ በእርሱ ላይ አጋቡ ማለት አይደለም፤ የአገሩም ሕግ ይጠበቃል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ፤ የክልላችን ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነበር።

ከዕድሜው ይልቅ የሚያስቸግረን ፍርሃቱ ነው። በኛ አገር ልጅቱን በጩቤ የሚያስፈራራ አባት አናገኝም። የምናገኘው ዝም ያለ አባት ነው። የምታለቅስ እናት ናት። ነጭ ለብሰው ደጅ የቆሙ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጠላው ተጠምቋል፣ ቀኑ ተቈርጧል። ልጅቱም ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ «እንዳላችሁ» ትላለች። ጨዋ ልጅ እንዲህ ትመልስ ዘንድ አስተምረናታልና። ይህ መልስ ፈቃድ ነው ወይስ አይደለም? አንዳንድ ጊዜ ነው፤ ልጅቱ ወጣቱን ታውቀዋለች፣ ትወደዋለችም፣ ግን ዓይን አፋርነት አፏን ይዟታል። አንዳንድ ጊዜ ግን የጌርትሩድ መልስ ነው። ከውጭ ሲሰሙት ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አባትን ከማክበር የሚመጣውን ፍርሃት ለብቻው ለይተው የተወያዩበት ስለዚህ ነው። አንድ ጋብቻ በፍርሃት ምክንያት ዋጋ የለውም ብሎ የሚፈርደው ግን የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት እንጂ መምህሩ አይደለም። የመምህሩ ሥራ ነገሩ ወደዚያ እንዳይደርስ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት በ24ኛው ምዕራፉ ለዚህ ምሳሌ አለው። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ሊወስድ ሲመጣ ስጦታው ተሰጥቷል፣ ቤተሰቡም ተስማምቷል። ያም ሆኖ ከመሄዷ በፊት ብላቴናይቱን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ትሄድ እንደ ሆነ ይጠይቋታል፤ እንደምትሄድ ራሷ ትመልሳለች። በሉቃስ ወንጌል 1ኛ ምዕራፍም መልአኩ ወደ ናዝሬት በተላከ ጊዜ እመቤታችን ጠይቃለች፣ መልስ አግኝታለች፣ ከዚያም በገዛ አፏ ተቀብላለች። የሰማይና የምድር ፈጣሪ የአንዲትን ቆንጆ ቃል ከጠበቀ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ስለምን መጠበቅ አቃታቸው?

ሽምግልና ይቅር አላልንም። ሽማግሌ የሁለት ቤት ድልድይ ነው፤ የወላጅ ምክርም ወጣት ያላየውን ያያል፤ ኤማን የሚመክራት ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ታሪኳ ሌላ ይሆን ነበር። የምንለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ሽማግሌው ከመላኩ በፊት፣ ቢላክም መልስ ከመሰጠቱ በፊት፣ ልጅቱ ትጠየቅ። የምትጠየቀውም አባቷ ባለበት አይሁን፤ አክስቷ ወይም የክርስትና እናቷ ውኃ ሲቀዱ ወይም እህል ሲያበጥሩ ብቻዋን ታነጋግራት። የቁምስናው ካህንም ተጋቢዎቹን ለየብቻ ሲጠይቅ፣ «ፈቅደሻል ወይ?» በሚለው ብቻ አይወሰን፤ ስለ ወጣቱ ምን እንደምታውቅ፣ እንቢ ብትል በቤት ምን እንደሚገጥማት፣ ማን መጀመሪያ እንደ ነገራት ይጠይቃት። ጌርትሩድን የጠየቃት ካህን ይህን የመጨረሻውን ቢያስከትል ኖሮ እውነቱን ሳያገኝ አይቀርም ነበር።

ይህን ትምህርት ለመስጠት ሁለት እሑድ ይበቃል። በመጀመሪያው የሰብለንና የበዛብህን ታሪክ ብቻ ተርኩ፤ ሉቺያንና ጌርትሩድን ለሁለተኛው አቆዩአቸው። ውይይቱን ስትጀምሩ ልጃገረዶችንና እናቶችን ለብቻ፣ አባቶችንና ወንዶች ልጆችን ለብቻ አስቀምጡ፤ ካልሆነ ልጃገረዶቹ አይናገሩም። ለአባቶች፣ ፊታውራሪ መሸሻ የትኛውን ጠያቂ ሳይመልሱ ልጃቸውን ማማከር ይችሉ እንደ ነበር ጠይቋቸው። ለእናቶች፣ የሰብለ እናት በባልና በልጅ መካከል ቆመው ምን ማድረግ ይችሉ እንደ ነበር። ለወንዶች ልጆች፣ በዛብህ ስለ ስለቱ ለማን መንገር እንደ ነበረበት። ልጃገረዶቹን ግን «እንዳላችሁ» በሚለው ቃል ምትክ በአክብሮት ምን ብሎ መመለስ እንደሚቻል ጠይቋቸውና መልሳቸውን ጻፉት። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚነበበው የእነርሱ መልስ ይሁን።

ባሎቿ በየተራ ስለ ሞቱባት መንደር ይሸሻት የነበረችውን የበዛብህን እናት የውድነሽን ነገር በዚህ እትም አላነሣነውም። የመበለት ዳግም ጋብቻ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻልና ለሚቀጥለው እትም አቆይተነዋል።